ትራፓኖው የጠመጠመው ጋቢ

ዛሬም በሰፈራችን መብራት ሲሄድ፣ ከጎረቤት ወፍጮ ቤት ሞተሩ እያቃሰተ፣ እየደከመ ሄዶ ዝም የሚልበት ድምፅ ሲሰማኝ፣ ሰው ሁሉ ሲያማርር እኔ ብቻዬን ደስ ይለኛል፤ ልቤም ሮጦ ያደግኩባት ቢቸና፣ የአባቴ ብየዳ ቤት ይገባል።

አባቴ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ሰው ነበር። ቤታችንና ብየዳ ቤቱ አንድ ግቢ ስለነበሩ፣ በበጋ ጠዋት የሚቀሰቅሰን ትራፓኖው፣ ያ ቆሞ ብረት የሚበሳው ማሽኑ ነበር። እናቴ ከደጃፉ ፊት ለፊት ፀሐይ እየሞቀች ጥጥ ትፈትል ነበር፤ «የኔ ክር ይጎተታል እንጂ አይበጠስም» እያለች ጎረቤቶቿን ስታበሽቅ፣ አባቴ ከውስጥ «ሰውንም እንዲሁ ነው የምትይዢው» ይላት ነበር። አንድ ዓመት የፈተለችውን ሁሉ ለሸማኔ ሰጥታ ለእሱ ጋቢ አሠራችለት።

ክረምት ሲገባ የቢቸና ብርድ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ነውና፣ አባቴ ያንን ጋቢ ከትከሻው አያወርድም ነበር። የአገራችን ወንድ ገበያም ቢሆን ለቅሶም ቢሆን ያለ ጋቢ ስለማይወጣ፣ ለብሶ ማሽን ፊት መቆሙ ለማናችንም ነገር ሆኖ አልታየንም። መብራቱ ደግሞ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ይሄድ ነበር። ያን ጊዜ እናቴ ትራገማለች፤ እርግማኗ ከሽቦው ተነሥቶ ምሰሶውን ያቆመው ሰው ዘንድ ይደርስ ነበር።

አንድ የሐምሌ ቀን አባቴ ለማጠፊያ የሚሆን ብረት ሊበሳ ጎንበስ ሲል፣ የጋቢው ጫፍ ከትከሻው ተንሸራቶ የሚዞረው መብሻ ላይ ወደቀ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ማሽኑ ጋቢውን እየጠቀለለ፣ ለማስለቀቅ የሰነዘረውን ቀኝ እጁን ጨምሮ ወሰደው። እጁ ማጥፊያው ጋ ስላልደረሰለት፣ ጥርሱን ነክሶ ወደ ኋላ ይጎትት ጀመር፤ ክሩ ግን እናቴ እንዳለችው አልበጠስ አለ። እንዲህ እያለ ሰማዩ አጉረመረመ፣ አምፖሉ ጠፋ፣ ማሽኑም እያቃሰተ ዞሮ ዞሮ ቆመ።

እናቴ ስትደርስ እጁ እስከ አንጓው ተጠቅልሎ ማሽኑ ላይ ታስሯል። አባቴ ቀስ ብሎ፣ «መብራቱ ሳይመጣ ሶኬቱን ንቀይው» አላት። ፍርሃት ያን ጊዜ ገባኝ፤ መብራቱ ቢመለስ ማሽኑ የጀመረውን ይጨርስ ነበር። እሷ ነቅላው እኔን መቀስ አስመጣችና፣ ስንት ወር የደከመችበትን ጋቢ እያለቀሰች፣ «ምነው አላልቼ በፈተልኩት» እያለች ቆራረጠችው። እጁን አውጥታ በነጠላዋ ስትጠቀልለው አምፖሉ ቦግ አለ። ሦስታችንም ማሽኑን አየነው። አልተነሣም።

ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው የጤና ጣቢያው ነርስ ጣቶቹ እንደተሰባበሩ፣ ይትረፉ ይቆረጡ ግን ገና እንደማይታወቅ ነገረን። ጣት የሌለው ብረት ሠሪ ምን ሊበላ ነው? ያ ክረምት አላልቅ አለ። ፋሻው በተቀየረ ቁጥር እኔና እናቴ የጣቶቹን ቀለም እናይ ነበር፤ እንዝርቷንም ሰቅላ አልነካችውም።

መስከረም ጠብቶ፣ አደይ ፈክቶ፣ ፋሻው ሲነሣ፣ ነርሱ የኔን እጅ ስቦ የአባቴ መዳፍ ላይ አኖረና «እስኪ ጨብጣት» አለው። ትንሿ ጣቱ አልታጠፍ አለች፤ ሌሎቹ እየተንቀጠቀጡ መጥተው እጄን ያዙት። እናቴ እዚያው እልል አለች፣ እኔም ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ጥቅምት ላይ ወደ ሥራው ሲመለስ መጀመሪያ የሠራው ነገር በሩ አጠገብ የጋቢ መስቀያ ነበር። እናቴ ሌላ ጋቢ ፈተለችለት፤ ክሩን ላላላው ብል እጄ እምቢ አለኝ ትል ነበር። ከዚያ ወዲያ መብራት ሲሄድ ከአፏ የሚወጣው «ተመስገን» ብቻ ነበር።

ዛሬ አባቴ ሸምግሏል፤ የዘንድሮ ማሽኖችም አንድ ቁልፍ ሲነኩ ቀጥ ይላሉ አሉ። ሊጠይቀን መጥቶ መብራት የሄደ እንደሆነ፣ ልጆቼ ቴሌቪዥኑ ጠፋብን ብለው ሲነጫነጩ፣ እሱ በጨለማው እጁን ሰዶ እጄን ፈልጎ ይጨብጣል። ትንሿ ጣት ዛሬም እንደተገተረች ናት፤ ሌሎቹ ሁሉ አሉ።