ምሽግ ነው ያልኩት የዶሮ ቤት

ይህን ነገር ለሚስቴ ነግሬያት አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ እንዴት ብዬ? እሳቸው ራሳቸው በየዓመቱ ቦታው ድረስ እየመጡ ጸሎት ያደርሳሉ። ስለዚህ ለማያውቁኝ ለእርስዎ ልናዘዝ። እዚህ ቀራንዮ፣ ከቤታችን ጀርባ ያለው የአርበኞች ምሽግ ምሽግ አይደለም። የአባቴ የዶሮ ቤት ነው። ምሽግ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።

አባቴ ግንበኛ ነበር። ሸለምጥማጥ በአንድ ሳምንት ሰባት ዶሮ ሲጨርስበት እልህ ያዘውና በድንጋይ ገነባላቸው። ግድግዳው አንድ ክንድ ይወፍራል። መስኮት ተብለው የተተዉት ቀዳዳዎች እጅ እንኳ በግድ ነው የሚያስገቡት። ጭቃውን ያቦካሁት እኔ ስለሆንኩ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ዶሮዎቹ አለቁ፣ አባቴም አረፈ። ከብዙ ዓመት በኋላ እማማ አስካለ የጎረቤታችንን ግቢ ገዝተው ገቡ። ይዞታ ሲለካ የዶሮ ቤቱ በእሳቸው ወሰን ውስጥ ሆኖ ተገኘ። አፍርሰው በቦታው ለልጃቸው ለመላኩ ክፍል ሊሠሩለት አሰቡ፤ ሚስት ሊያገባ ነበር። ክፍሉ ከተሠራ ግን በዶሮ ቤቱ ጎን ወደ ታክሲ ፌርማታ የማቋርጥባት ቀጭን መንገድ ልትዘጋ ነው። በቃ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሰው አሥር ደቂቃ ላለመዞር ምን ያህል ይዋሻል? እኔን ይጠይቁኝ።

በዚያው ሰሞን የአካባቢውን ታሪካዊ ቦታዎች የሚመዘግቡ ሰዎች መጡ። የሚመዘግቡት በሽማግሌ ምስክርነት ነው። የእድር ጸሐፊ ነኝና ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ፣ እማማ አስካለ ግቢ የእድሩን ድንኳን አስተክዬ፣ ተነሥቼ፣ “አባቴ በጣሊያን ጊዜ አርበኞች እዚህ ይመሽጉ ነበር ይለን ነበር” አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ተረስቶ ይቀር ነበር። ግን እኛ ሰፈር አንዱ ሽማግሌ ካስታወሰ ሌላው ሳያስታውስ አይቀመጥም። ጋሽ ተሰማ ብድግ ብለው መትረየሱ በየትኛው ቀዳዳ ይተኮስ እንደነበር በከዘራቸው አሳዩ። ጋሽ ተሰማ ከጎጃም የመጡት ከእኔ ሠርግ በኋላ ነው። አንደኛው መዝጋቢ ደግሞ ግድግዳው ላይ የደረቀውን ነጭ ነገር በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አድርጎ “የጥንት ኖራ” ብሎ ጻፈ። የዶሮ ኩስ መሆኑን እንዴት ልንገረው?

ታፔላ ተተከለ፣ ማፍረስ ተከለከለ። መላኩ ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ቤት ተከራይቶ አገባ፤ እናቱን በወር አንዴ ቢያይ ነው። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት በመንገዴ እያቋረጥኩ ታክሲዬን እይዛለሁ። ተማሪዎች ለጉብኝት ሲመጡ የማስረዳውም እኔው ነኝ፤ በየዓመቱ አንድ ሁለት የሞተ ጣሊያን መጨመሬን አልክድም።

ይህንን እንኳ ይቅር ይሉኝ ይሆናል። ሁለተኛውንስ?

የእማማ አስካለ አባት በጣሊያን ጊዜ፣ እሳቸው ገና በእናታቸው ሆድ ሳሉ፣ ዱር እንደገቡ አልተመለሱም። የት እንደወደቁ የነገራቸው ሰው የለም። ታፔላው በተተከለ በሳምንቱ ጠርተውኝ፣ “ልጄ፣ አባትህ ገብረየስ የሚባል ሰው አንሥቶልህ ያውቃል? በዚህ በኩል ነው የሄደው ይላሉ” አሉኝ።

“አዎ እማማ፣ ያነሣ ነበር” አልኳቸው።

አዝኜላቸው ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬያለሁ። አዝኜ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። አላነሣም ብል፣ “ታዲያ አባትህ ምሽጉን አውቆ የመሸጉትን እንዴት አላወቀም?” እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። አንዱን ውሸቴን በሌላው ደገፍኩት።

ከዚያ ወዲህ በአርበኞች ቀን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሻማ ይዘው ይመጣሉ። አንዲት አሮጊት የዶሮ ቤት ደጃፍ ተሳልመው ሲገቡ አይተው ያውቃሉ? እኔ በየዓመቱ አያለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ሳቄ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነክሻለሁ። ይህንንም ይጻፉብኝ።

ባለፈው ሳምንት እማማ አስካለ ታመሙና አስጠሩኝ። አልጋቸው ላይ ሆነው ኑዛዜያቸውን እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። “ስሞት ከአባቴ ቦታ አንድ እፍኝ አፈር ዘግነህ አብረህ አስገባልኝ። በዕድሜዬ አንድ ቀን እንኳ አብሬው አላደርኩም። መላኩ ሩቅ ነው፤ እስኪመጣ ይዘገያል። አንተ ቅርቤ ነህ” አሉኝ።

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ይቅር በሉኝ ለማለት መጀመሪያ አባታቸውን ልነጥቃቸው ነው። ልጃቸውን አርቄባቸዋለሁ፤ አሁን ደግሞ አባታቸውን? ዝም ካልኩ ደግሞ የዶሮ ቤት አፈር ታቅፈው ሊቀበሩ ነው። አፌን ዘጋሁና ጻፍኩ። አንድ ቃል ሳላጎድል ጻፍኩና አውራ ጣታቸውን ይዤ አስፈረምኳቸው።

እጄን ሳይለቁ፣ “አንተ ባትኖር አባቴን የት አገኘው ነበር? ውለታህን እግዚአብሔር ይክፈልህ” ብለው መረቁኝ።

እኔም አሜን አልኩ። ለሌላው ሁሉ ሰበብ አላጣም፤ ለዚያ አሜን ግን ምንም የለኝም።