ስለ እህቷ ሳልጠይቃት

አሶሳ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ፣ በቤተሰብ ምጣኔ ክፍል መሥራት ከጀመርኩ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ነርሷ እኔ ብቻ ነኝ። በገበያ ቀን ወረፋው ከበረንዳው አልፎ ማንጎው ሥር ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ ላይ የሰው ፊት ማየት ያቅተኛል፤ እጄ ብቻ ይሠራል።

በእንዲህ ያለ ቀን ባምያ የምትሸጥ የአራት ልጆች እናት መጣች። የበርታ ብሔረሰብ ናት፤ አማርኛዋ የገበያ ስለሆነ እኔን ሴቷንም «አንተ» ትለኛለች። የወር አበባዋ ሳምንት ሙሉ እየፈሰሰ አድክሟታል፣ መውለዱም በቅቷታል። በየቀኑ የሚዋጠውን ኪኒን መረጥን። እርግዝናን ለመከላከልም ለሚበዛው ደምም ይሆናል። አንዳንዷን ሴት ግን ደሟን ሊያረጋባት ስለሚችል ከመስጠቴ በፊት የሚሞላ ቅጽ አለ፦ ደም ግፊት፣ ብልጭታ የሚያሳይ ራስ ምታት፣ ሲጋራ፣ ከቤተሰብ እግሩ ውስጥ ደም የረጋበት ሰው። ግፊቷን ለካሁ። ሌላውን ሳልጠይቃት ከላይ እስከ ታች «የለም» ብዬ ሞላሁት።

ኪኒኑ ጠቀማት። ልትወስድ ስትመለስ ፊቷ ወዝ አውጥቶ ነበር። «አሁን ደም ትንሽ ነው፤ አልሐምዱሊላሂ» አለችኝ።

በአምስተኛው ወር እያነከሰች ገባች። ጉባ ግድቡ ላይ የሚሠራ ባሏን ጠይቃ ስትመለስ ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ተቀምጣ ነበር።

«መንገድ ነው፤ ማስታገሻ ስጠኝ» አለችኝ።

ቀሚሷን ገለጥ ሳደርግ የግራ ባቷ ከቀኙ በጣም ወፍሯል። ስነካው ይፋጃል።

«ከቤተሰብሽ እግሩ እንዲህ ያበጠ ሰው ነበር?»

«እህቴ አለ። ወለደ፣ እግሩ አበጠ። ከዚያ ትንፋሽ አጠረው፣ ሞተ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አንተ አልጠየቀኝም» አለች። በቁጣ አልነበረም።

ወረፋውን ትቼ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድኳት። መንገድ ላይ ደረቷን ይወጋት እንደሆነ ደጋግሜ ስጠይቃት ሰለቻት መሰለኝ፣ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። በአልትራሳውንድ ሲታይ እግሯ ውስጥ ደም ረግቷል፤ ሳንባዋ ጋ አልደረሰም። ኪኒኑ ቆመ፣ ደም የሚያቀጥን መርፌ ተጀመረላት።

«ብዙዎቹ ለዓመታት ምንም ሳይሆኑ ይወስዱታል» አለኝ ሐኪሙ። «እንዲህ በቤተሰቧ ያለባትን ነው ቀድሞ መለየት የሚያስፈልገው።»



ዳነች፤ እንደ በፊቷ ግን አይደለችም። እግሯ አመሻሽ ላይ ያብጣል። ኪኒኑ ቀርቶ የደም ማቅጠኛው ሲጨመር የወር አበባዋ ከቀድሞው ባሰ። በኋላ ክንድ ላይ የሚቀበረው የእርግዝና መከላከያ ገባላት፤ እሱም ቀን ሳይጠብቅ ደም ጠብ ጠብ ያደርጋታል።

ቅጹን እንዴት እንደሞላሁት ለአለቃዬ ነገርኩት። «ሰው ነሽ፣ ይደክምሻል» አለኝ። ቃሉ ግን አላሳረፈኝም። ቋንቋዋን የምታውቅ ባልደረባዬን ይዤ ለሴትዮዋም ነገርኳት፣ አንድም ሳላስቀር። ይቅርም አላለችኝም፣ አልረገመችኝም። ሁለት ወር ስትተኛ የገበያ ቦታዋን ሌላ ሰው እንደያዘባት፣ አሁን ከጥጉ፣ ፀሐይ ላይ እንደምትቀመጥ ብቻ ነገረችኝ።