አሲዳማ ያልሆነው ማሳ

ለሳይንስ ተማሪዎች የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ኮርስ ያዘጋጀሁት እኔ፣ ያስተማርኩት እኔ፣ «ይጠቅማል ወይ?» ብለህ ገምግም ብሎ ዩኒቨርሲቲው ያዘዘውም እኔኑ ነው። መጠይቅ በተንኩ። ሁሉም «በጣም ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት አድርገው መለሱልኝ። መምህሩ ፊት ማን ክፉ ይናገራል? ደስ ቢለኝም አላመንኳቸውም። ኮርሱ ከክፍል ሲወጣ ምን ይሠራል የሚለው ያብሰለስለኝ ጀመር፤ ስለዚህ የአፈር ሳይንስ ተማሪዎች ለመስክ ሥራ ሲወጡ ከፍኖተ ሰላም አብሬያቸው ተሳፈርኩ።

ከቡሬ አለፍ ብሎ፣ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ አዛውንት ገበሬ ማሳቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። በዚያ አካባቢ አፈሩ አሲዳማ እየሆነ ስለሚያስቸግር ብዙ ሰው ኖራ ይበትናል። እሳቸውም ኖራ ይበትኑ እንደሆነ ለመወሰን የሚጠብቁት የእኛን ምርመራ ነበር።

አፈሩን የለካው ከክፍሉ አንደኛ የምለው፣ ከቅኔ ቤት የመጣ ዲያቆን ነው። መሣሪያውን ደጋግሞ አየና «አባቴ፣ መሬትዎ ደኅና ነው፤ ኖራ አያሻውም» አላቸው። እንዴት እንዳወቀም አስረዳቸው። እንደዚያ ጥርት ያለ ማብራሪያ እኔ ራሴ ሰጥቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ እሱ የጻፈውን የእንግሊዝኛ ሪፖርት አየሁት። ዩኒቨርሲቲው ለወረዳው ምክር የሚልከው ያንን አንብቦ ነው። አንድም የፊደል ስህተት የለበትም። «አፈሩ በጣም አሲዳማ ነው፤ ኖራ እንዲጨመርበት ይመከራል» ይላል። ክው አልኩ። ዓረፍተ ነገሮቹ የራሴ ናቸው፤ መማሪያው ላይ ለናሙና ያስቀመጥኳቸው። እሱ የገበሬውን ስም ብቻ ቀይሮ ገልብጧቸዋል።

«ምነው? ለሰውዬው የነገርካቸው ሌላ አይደለም እንዴ?» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። «መምህር፣ እርስዎ የጻፉትን መለወጥ ድፍረት መሰለኝ። ፈተና ላይም እንዳለ ብጽፈው ሙሉ ማርክ ሰጥተውኛል።» ቀጠለና፦ «ቅኔ ቤት ግን የትናንቱን ቅኔ ይዤ ብቀርብ የኔታ አይቀበሉኝም ነበር» አለ።

ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም።

«በል፣ ለእሳቸው የነገርካቸውን በእንግሊዝኛ ጻፍልኝ።»

ላብ እስኪያጠምቀው ታገለ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ወጣው። ግሡ ቦታውን ስቷል፣ ቃላቱም ተንሻፈዋል፤ ማሳው ኖራ እንደማያስፈልገው ግን ማንም አንብቦ ይረዳዋል። የመጀመሪያውን ቀደን ይህንን ላክን።

ግምገማዬን ልጽፍ ስቀመጥ፣ የላክነውን ጽሑፍ ቅጂ አውጥቼ በኮርሱ መስፈርት አረምኩት። ወደቀ።