የዳግም አረቄዋ ባቡር

ክሊኒክ ሄጄ ነርሷ በአልኮል የነከረችውን ጥጥ ክንዴ ላይ ስታሳርፍ ንዴቴ ይነሳል። መርፌ የፈራሁ ይመስላታል። እኔን ግን የሚሸተኝ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ አፈር ላይ የተደፋው አረቄ ነው።

አስረኛ ክፍል ነበርን። የፊዚክስ መምህራችን በእንፋሎት የሚሄድ ትንሽ ባቡር ሠርተን እንድንወዳደር አደረገ። ባቡርን ከስልክ ላይ በቀር ያየ ማንም አልነበረም። ያሸነፈ ደብረ ታቦር ሄዶ ያሳያል ተባለ። ከእኔ ጋር የተመደበችው ጓደኛዬ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበራትም። እናቷ አረቄ እያወጡ ነው ያሳደጓት፤ እንፋሎት በየት በኩል እንደሚሾልክ፣ መጋጠሚያ እንዴት እንደሚመረግ ከማንኛችንም በላይ ታውቃለች።

የኛዋ ባቡር ማፍያዋ የሳልሳ ጣሳ፣ ሲሊንደሯ የጥይት ቀለህ፣ ጎማዎቿ ቆርኪ ነበሩ። ቀለም እንኳ አልቀባናትም። የተፎካካሪያችን የነጋዴው ልጅ ባቡር ግን በከሰል የምትነድ፣ የኛን ሦስት የምታክል፣ በቀይና በጥቁር ቀለም ያሸበረቀች ነበረች። ስትጮህማ ግቢው በሙሉ ዞሮ ያያል! በሙከራው ቀን በፌሮ በሠራነው ሀዲድ ላይ በተራ አስኬድናቸው። የሱ ሁለት ዙር ሄዳ በየመጋጠሚያዋ እየተነፈሰች ቆመች። የኛዋ ባቄላ የሞላ የክብሪት ቀፎ እየጎተተች ሰባት ጊዜ ዞረች።

"ይቺ ድንክ ጉድ ሠራችኝ" አለ ልጁ እየሳቀ።

ምስጢሩ ማገዶዋ ነበር። የጓደኛዬ እናት ዳግም አረቄ ሰጡን፤ ሁለት ጊዜ የወጣውን፣ ሲለኮስ ጥቀርሻ የሌለው ሰማያዊ ነበልባል የሚሰጠውን።

"ለሰካራም ከምሸጠው ለትምህርት ይንደድልኝ፣ ልጆቼ" አሉን።

ጠርሙሱን በጋቢዬ ሸፍኜ በትምህርት ቤቱ በር ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ውድድሩ ሊጀመር ሲል ዩኒት ሊደሩ ሽታውን ያዘው። ጾም ነበር፤ ካህናትም በእንግድነት ተቀምጠዋል። ጠርሙሱን ከጠረጴዛችን አንስቶ አሸተተ።

"በጾም! በትምህርት ቤት! የማን ነው ይሄ?"

"ቲቸር፣ የባቡሯ ማገዶ ነው" አለች ጓደኛዬ።

"የማን ነው አልኩ!"

እኔ አጎንብሼ የባቡሯን ጎማ መነካካት ያዝኩ። አንዴ ዞር ብላ አየችኝና "የእናቴ ነው" አለች።

"ድሮስ የአረቄ ሻጭ ልጅ!" ብሎ አንዲት ጠብታ ሳያስቀር ደፋው። ከካህናቱ አንዱ "እስቲ ይለኮስና ይታይ" ቢሉትም አልሰማቸውም። አንድ ክብሪት መጫር እኮ ነው! አንድ ክብሪት! ዛሬም ያንገበግበኛል። የኛዋ ሳትንቀሳቀስ ቀረች፤ ያቺ በሁለት ዙር የምትቆመው ባለቀለም ደብረ ታቦር ሄደች።

ጓደኛዬን ወላጅ አምጪ አሏት። እናቷ መጥተው በሰው ፊት ተሰደቡ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ባቡሯን ቤቴ ድረስ ይዛ መጥታ "አንተ ጋ ትሁን፤ እናቴ ባየቻት ቁጥር ታለቅሳለች" አለችኝ። ያን ጊዜም ስለ ጠርሙሱ ትንፍሽ አላልኩም። ዩኒት ሊደሩን ስረግመው ኖሬያለሁ፤ ይገባዋል። እኔን የረገመኝ ግን የለም፤ ይበልጥ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ባለፈው ክረምት መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ አገኘኋት። እናቷ አርፈዋል፤ አረቄውን አሁን የምታወጣው እሷ ናት።

"ባቡሯ አለች?" አለችኝ።

"አለች። ያን ቀን ግን፣ ጠርሙሱን..."

"ተወው። አጎንብሰህ ጎማዋን ስትነካካ አይቼሃለሁ" አለችና ከዘንቢሏ ትንሽ ጠርሙስ አውጥታ አስያዘችኝ። "ዳግም ነው። ለኩሳት።"

አውቶቡስ ስገባ ጠርሙሱን በጋቢዬ ሸፍኜው ነበር። ሳላስበው። እንደዚያን ቀን! በራሴ በገንሁና አውጥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ አፍንጫቸውን ያዙ። "ኧረ ይሸታል! የማን ነው ይሄ አረቄ?"

"የእኔ ነው፣ አባቴ" አልኳቸው።