ሙሴያችን ዝቅ ያደረጉት ማዕድ

በ1981 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ የናዝሬቱ የቅዱስ ሚካኤል ማኅበራችን መሪ፣ እኛ «ሙሴያችን» የምንላቸው አቶ ደምሴ ገለታ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው ገበያው አጠገብ በነበረችው ሉካንዳቸው ነው። ሥጋ ሲመዝኑ ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ አንዲት ቁራጭ ይጨምሩ ነበር፤ «ይቺ የልጆቹ ናት» እያሉ። እኔ የምጽፈው ግን በማኅበር ስለማውቃቸው ነው።

ባለቤቴ ወደ ሰሜን ዘምቶ ሳይመለስ ሲቀር ከልጆቼ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። በቅርብ ዘመድ የለኝም፤ ያለኝ ማኅበሩ ነበር። የጥቅምቱ ድግስ ተረኛ እኔ ነበርኩ። ድግሱ ደግሞ ከወር ወር እየከበደ፣ አንዱ በግ ሲያርድ ሌላው በሬ ወደ መጣል ደርሶ ነበር። በእኔ ቤት ከባቄላ በቀር የሚደገስ አልነበረም። በመስከረም ጋሼ ደምሴ ቤት ስንሰበሰብ፣ ጽዋውን ሳልረከብ ማኅበሩን ልሰናበት ቆርጬ ሄድኩ።

ጸሎት ደረሰ። ከዚያ ዳቦ፣ ጠላና ንፍሮ ቀረበ። ሌላ አልመጣም።

ሹፌሩ ለገሠ ወደ ጓዳ አየት አደረገና «ጋሼ፣ በሬው አመለጠ እንዴ?» አለ።

«ያለው ይኸው ነው፤ ብላ።»

«የሉካንዳ ባለቤት ቤት ንፍሮ በላን ብንል ማን ያምነናል?»

«አትንገራቸዋ» አሉ፤ ቤቱ ሳቀ።

ወይዘሮ አስካለ ግን አልሳቁም። «ሚካኤልን ያህል መልአክ በንፍሮ ይዘከራል?» አሉ።

ጋሼ ደምሴ ተነሡ። «ደጃችን ለቆመ ነዳይ እንመጸውታለን። እዚህ የተቀመጥነው ግን ወንድማማቾች ነን። የወንድም ምጽዋቱ፣ እሱም ሳያፍር እንዲደርስበት ማዕድን ዝቅ ማድረግ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የማኅበራችን ድግስ ይኸው ነው፤ የጨመረ ይቀጣል።»

«ቅጣቱስ?» አለ ለገሠ።

«የአንተን ወሬ ብቻውን ተቀምጦ መስማት።»

ማንም ወደ እኔ አላየም፤ እሳቸውም አላዩም። ለድግሱ የታሰበውን ሥጋ ጠዋቱኑ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ማደላቸውን ባለቤታቸው የነገሩኝ ቆይተው ነው። «አዋጥተን እንደግስላት» ያሉም ነበሩ አሉ። እሳቸው «ከዚያ በኋላ ቀና ብላ አታየንም» ብለው ከለከሉ።

ጽዋው ሲመጣ እጆቼን ዘርግቼ ተቀበልኩ። በጥቅምት ማኅበርተኛው ሁሉ ቤቴ ገባ፤ ልጆቼ ስንት አጎትና አክስት እንዳላቸው ያን ቀን አዩ። ወይዘሮ አስካለም ንፍሮውን ደግመው ዘገኑ።

ጋሼ ደምሴ፣ ከእርስዎ እኩል አስቀምጠውኛልና እግዚአብሔር ከደጋጎቹ ጋር ያስቀምጥዎ። ከቀብርዎ በማግስቱ ጠዋት፣ ከዓለም ጤና ከተማ መጥታ ከቤቴ ጀርባ ወደ ተከራየችው ወደ ጫልቱ ሄድኩ። ባሏ የሞተባት ናት፤ ከሰው አትገባም።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ» አልኳት። «ማኅበር አለሽ?»

«እኔ? በምኔ ልደግስ?»

«ተራሽ ገና ሩቅ ነው። አሁን የጋሼ ደምሴን ቤተሰብ ልናጽናና ነውና ነይ፣ ከእኛ ጋር ተቀመጪ።»

«አላውቃቸውም እኮ።»

«መንገድ ላይ እነግርሻለሁ» አልኳት። ነጠላዋን አንሥታ ወጣች፤ ቤትዎ እስክንደርስ ድረስ ስለ እርስዎ እየነገርኳት ሄድን።