ሞተር የበላሁ ለት

የልጅ ልጄ ዝናሽ ከዓረብ አገር ስትመለስ ባጃጅ ገዛች። ባለፈው እኔን ከኋላ እንደ ሙሽራ አስቀምጣ የደብረ ታቦርን ዳገት ስትወጣ፣ ተሳፋሪ ለማውረድ አጠፋቻትና እምቢ አለቻት። ወርዳ ሻሿን በውሃ ነክራ ከቤንዚኑ ቱቦ ላይ ጣል አደረገችና «አይዞዎት እምየ፣ ሲበርድላት ትነሳለች» አለችኝ። የጋለ ብረትና የረጠበ ጨርቅ ከቤንዚን ጋር ሲሸተኝ ግን እኔ ዳገቱ ላይ አልነበርሁም፤ ጣና ዳር ነበርሁ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ አባቴ ከደጋ አውርዶ ልጅ ላልወለዱት ለወንድሙ፣ ለአያ ደሴ ሰጠኝ። አያ ደሴ በሞተር ጀልባ ሰው ያሻግራሉ። እኔ ደግሞ ከእንስራ የበለጠ ውሃ አይቼ አላውቅምና ሐይቁን ሳይ «ይሄን ሁሉ ማን ቀዳው?» ብዬ አገር አስቄባቸዋለሁ። ያ ሞተራቸው ጠዋት ገመዱን አንዴ ሲስቡት ይነሳል፤ ከሞቀ ወዲያ ካጠፉት ግን እንደ አኩራፊ ሚስት ጀርባውን ይሰጣል። ምሥጢሩን ለእኔ ብቻ ነገሩኝ፤ ሲግል ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ይተንና ሞተሩ በቤንዚን ፈንታ ትንፋሽ ይጠጣል፤ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ ትንሽ መታገሥ ነው። ሰው ሳያይ ጨርቁን ከሐይቁ የምነክር፣ ቱቦውን የምጠቀልል እኔ ነበርሁ። «ይሄ ያንችና የኔ ነው» ሲሉኝ የንጉሥ ማኅተም የያዝሁ ያህል አበጥሁ። ሌላ ሰውየ አዲስ ጀልባ አምጥቶ ስለነበር፣ የአያ ደሴ ሞተር ታሟል ከተባለ ተሳፋሪው ሁሉ ወደዚያ ነው።

የደሴቱ ንግስ ለት ሕዝቡን ሲያመላልሱ ውለው ለሦስተኛው ዙር ገመዱን ቢስቡት፣ ቢስቡት፣ ዝም። አዲሱ ጀልባ ከጎናችን ቆሞ ሰው ይጣራል። ጨርቄን ልነክር ጎንበስ ስል አያ ደሴ እጄን ያዙኝና በዓይናቸው «ተይ» አሉኝ። ተውሁ፤ ግን ዓይኔን ከቱቦው መንቀል አቃተኝ።

«ይችን ልጅ እዩልኝ!» አለች አንዲት ድምፀ ወፍራም ሴትዮ። «ከተሳፈርሁ ጀምሮ በሞተሩ ላይ እንዳፈጠጠች ነው። በልታዋለች!»

«ምነው በጤፍ እንጀራ ብትጠግብ!» አለ አንዱ ከኋላ፣ ሰውም ሳቀ። እኔም ከሰው ጋር ሳቅሁ፣ ሞኟ።

ከተሳፋሪው መካከል አንድ ቄስ የጠበል ጀሪካናቸውን ከፍተው፣ በስመ አብ ብለው ሞተሩ ላይ ደፉበት። የጠበልን ፈውስ አልክድም፤ እኔንም ስንቴ አድኖኛል፤ ያን ለት ያዳነው ግን በቅዝቃዜው ነው። እንፋሎቱ ቡልቅ አለ። አያ ደሴ ትንሽ ታገሡ፤ ምን ያህል እንደሚታገሡማ ያውቃሉ። ሳቡት፤ ተነሳ! ጀልባው በእልልታ ተናወጠ፣ ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ሳቁ ቀርቷል።

እኔ አያ ደሴን አየሁ። ቱቦው ነው እንዲሉ ጠበቅሁ።

«ዘሯ ከወዴት ነው?» አሉ ቄሱ።

አያ ደሴ ገመዳቸውን እየጠቀለሉ፣ ወደኔ ሳይዞሩ፣ «በእናቷ በኩል ነው እንጂ የኛ ዘርስ ንጹሕ ነው» አሉ።

እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነበር።

በማግሥቱ ከነጓዜ ወደ ደጋ መለሱኝ፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ሰው የሚበላ ቡዳ ሞልቷል፣ ብረት የበላሁ እኔ ብቻ ነኝ እያልሁ፣ የረገፈ ጥርሴንም በዚያው እያሳበብሁ ሠፈሩን ሳስቅ አረጀሁ። አያ ደሴ እውነቱን ለማንም ሳይናገሩ ሞቱ፤ እኔም ወርጄ አልቅሼ ቀበርኋቸው፣ ወድጃቸው ነበርና።

አንዱን ነገር ግን ቀልጄበት አላውቅም። ቡዳ መባሌ ሐሰት መሆኑን ከማንም በላይ የማውቅ እኔ ነኝ። ቢሆንም የበኩር ልጄን ታቅፌ፣ እንዲያ ሲያምር ሳየው፣ ፈራሁ። ስድስቱንም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው ያጠባሁ። ሕፃን ሳሉ ምን ይመስሉ እንደነበር እስከ ዛሬ ጎረቤት ነው የሚነግረኝ።