ነጩ ክር

ሸፊቃ መጽሐፍ ስትቆርጥ ያየ ሰው ይደነግጣል። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ስር ባለችው የቆርቆሮ ሱቋ ቁጭ ብላ፣ አዲስ መጽሐፍ በገባ ቁጥር ጀርባውን በምላጭ ትሰነጥቅና አራት ቦታ ትከፍለዋለች። ጠርዙን ታስተካክላለች፤ የገጽ ቁጥሩም አብሮ ተቆርጦ ይሄዳል፣ ግድ የላትም። ከዚያ ሰፍታ በካኪ ወረቀት ትለብጠዋለች። የመጀመሪያውን ክፍል በቀይ ክር፣ ሁለተኛውን በአረንጓዴ፣ ሦስተኛውን በነጭ፣ መጨረሻውን በጥቁር። ደንበኞቿ ይሄን ለምደውታል። "ሸፊ፣ ነጩ ገባ?" ይላሉ እንጂ "ክፍል ሦስት" የሚል የለም።

እንደዚህ የምታደርገው አንዱን መጽሐፍ አራት ሰው በአንዴ እንዲያነበው ነው። ድሬ ላይ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሙቀቱ ሰውን ቤት ያስቀምጠዋል፤ ያኔ ነው የሚነበበው። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ካቋረጠች ጀምሮ መጽሐፍ ታከራያለች። ሌላ ሥራ አታውቅም። ሰው ፊት መናገር ደግሞ ሞቷ ነው። ልጇን የዳረች ቀን እንኳ "እናት ትመርቅ" ሲባል ጓዳ ገብታ ተደብቃለች።

ዘካሪያ የመልካ ጀብዱ ልጅ ነው፣ የአይሱዙ ሹፌር። ከልጅነቱ ጀምሮ ከእሷ እየተከራየ ነው ያነበበው። ባለፈው ወር የራሱን መጽሐፍ አሳትሞ መጣ። ልብወለድ ነው፤ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ በታች ስላለ ከተማ ነው የሚያወራው። ጎርፍ የወሰዳቸው ሰዎች እዚያ ይኖራሉ።

"ያንቺ ነው አቦ" አላት ፈርሞ። "እንዳይጨማደድ ብቻ።"

"እሺ" አለች። በማግስቱ ቆረጠችው። መጽሐፍ የምትወደው እንደዚህ ነው፤ ሌላ መንገድ አታውቅም።

መምህር ዘርዓብሩክ ደግሞ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። እሁድ እሁድ በሬዲዮ ስለ አዳዲስ መጻሕፍት ያወራሉ። እሳቸው ያጣጣሉትን መጽሐፍ ማንም አያነሳውም። የዘካሪያ መጽሐፍ ላይ ቅዳሜ ውይይት ተጠራና መድረኩ ለእሳቸው ተሰጠ። "የምተቸውን መጽሐፍ ከደራሲ እጅ አልቀበልም" የሚል ደንብ አላቸው። ስለዚህ ማክሰኞ ሸፊቃ ጋ መጡ። ከዚያ በፊት መጥተው ስለማያውቁ የክሩን ነገር አልሰሙም።

ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ጥቁሩን አስራ ሰጠቻቸው። ነጩ ሰው እጅ ላይ ነበር። "አንድ ይቀራል" ልትል አፏን ከፈተች። መምህሩ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ሲያይዋት ምላሷ ተሳሰረ። ነገ ሲመለስ እልክላቸዋለሁ ብላ ተወችው። ነጩ ግን አልተመለሰም።

ቅዳሜ አስር ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ጎረቤቷ ጭማቂ ሻጯ ዱኒያ ይዛው መጣች።

"እንኪ ነጭሽን። ዋላሂ ዓይኔ እስኪያብጥ አለቀስኩ።"

"እስከ ዛሬ ምን ሠራሽበት?"

"ሁለቴ አነበብኩታ! ምነው? ምን ሆንሽ?"

"ውይይቱ አስር ሰዓት ነበር። ሰውየው ነጩን አላነበቡም፣ ዱኒያ! ነጩ እንዳለም አያውቁም!"

"ሂጂና ንገሪያቸዋ።"

"ሰው ፊት?"

"አይ፣ ፍየል ፊት። ተነሽ! ሱቁን እኔ አያለሁ።"

ባጃጅ ይዛ ወደ ውይይቱ አዳራሽ ሄደች። አዳራሹ ሞልቷል። ነጩን ሻርፗ ውስጥ ደብቃ ከኋላ ቆመች። መምህሩ መድረክ ላይ ናቸው። ሦስቱ ካኪዎች ፊታቸው ተደርድረዋል።

"ይቺ ኢፍቲን የምትባል ልጅ" ይላሉ፣ "መሃል ላይ ጎርፍ ወሰዳት። እኔም አዘንኩ። የሚቀጥለውን ሳነሳ ገበያ ቁጭ ብላ ሳምቡሳ ትሸጣለች!"

ሰው ሳቀ።

"ደራሲው ማንን እንደገደለ ረስቶታል! ምናባዊ ልብወለድ ነው ተብሎ እንደፈለጉ መዘላበድ አለ እንዴ? ነገ በሬዲዮም ይሄንኑ ነው የምለው።"

ዘካሪያ ፊት ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቷል። ኢፍቲን እንዴት እንደተመለሰች ያለው ነጩ ላይ ነው። ከአሸዋው ስር ወጣች፣ ጥላዋ ግን እዚያው ቀረ። ያን ክፍል የጻፈው ለታላቅ እህቱ ነው። የደቻቱ ጎርፍ ሲወስዳት እሱ የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። ሸፊቃ ይሄን ታውቃለች። እሱ ደግሞ መምህሩ ያን ክፍል አንብበው ከቁም ነገር ያልቆጠሩት መሰለው። ብድግ አለና ወደ በሩ መራመድ ጀመረ።

ሸፊቃ ወደ እሷ ሲመጣ አየችው። ዝም ካለች መጽሐፉ ነገ በሬዲዮ ይሞታል። ከተናገረች፣ ፈርሞ የሰጣትን መጽሐፍ መቁረጧን ዘካሪያ ሰው ሁሉ ፊት ይሰማል። በአጠገቧ ሊያልፍ ሁለት እርምጃ ሲቀረው አፏ በራሱ ተከፈተ።

"መምህር..."

"ጥያቄ በኋላ ነው እህቴ።"

"ጥያቄ አይደለም። ጥፋት ነው። የኔ ጥፋት።" ነጩን ከሻርፗ አወጣችው። "መጽሐፉ አራት ነው። እርስዎ ጋ ያለው ሦስቱ ነው። ልጅቷ የተመለሰችው እዚህኛው ላይ ነው። ልነግርዎት ነበር፣ ፈራሁዎት።"

ዘካሪያ ቆመ።

"አራት ማለት?"

"ቆርጬዋለሁ።"

"የፈረምኩልሽን?"

"አዎ።"

ከመሃል አንድ ደንበኛዋ "ነጩን ሳያነቡ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ የሰደቡት!" ብሎ ጮኸ። አሁን ሳቁ ወደ መምህሩ ዞረ። የመምህሩ ጆሮ ቀላ።

"መጽሐፍ ይቆረጣል እንዴ ሴትዮ?"

"ለአንድ ሰው ከሆነ አይቆረጥም" አለች ሸፊቃ። ከየት እንዳመጣችው ራሷም አታውቅም።

መምህሩ እጃቸውን ዘረጉ። ነጩ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ መድረኩ ላይ ደረሰ። ተቀምጠው፣ ያ ሁሉ ሰው እያያቸው፣ ዝም ብለው አነበቡ። አራት ገጽ፣ አምስት ገጽ። የጣሪያው ቬንትሌተር ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ነገ ስለዚህ መጽሐፍ አላወራም። ሙሉውን አንብቤ በሚቀጥለው እሁድ አወራለሁ።" ትንሽ ቆዩና "መጀመሪያው ግን ረዝሟል። እሱን አልተውም" አሉ።

ሰዉ ሲበተን ዘካሪያ መድረኩ ላይ ወጥቶ ነጩን አነሳ። ሸፊቃ አጠገቡ ቆማ ስድቡን ትጠብቃለች። እሱ ግን ገጹ ዳር ላይ በእርሳስ የተጻፈውን እያየ ነው። በተለያየ እጅ ጽሑፍ ሞልቷል። "እዚህ ጋ እናቴን አስታወስኩ" ይላል አንዱ። ሌላው ከስሩ "እኔም" ብሏል። ሌላው ደግሞ "ይሄ ሰውዬ ሹፌር ነው ወይስ ጅኒ?"

"ስንት ሰው አነበበው?"

"ነጩን? አስራ ዘጠኝ።"

ገጹን ገለበጠ።

"መቁረጥሽን አልተውኩልሽም፣ እወቂው።"

"እሺ።"

"ይሄን ግን ዛሬ ልውሰደው። የጻፉትን በሙሉ ማንበብ እፈልጋለሁ።"

ሸፊቃ እጁን ያዘችው። በሃያ ምናምን ዓመት ሥራዋ ለማንም አድልታ አታውቅም።

"ወረፋ አለው ዘካሪያ። መጀመሪያ መምህር፣ ከዚያ ደንበኛዬ ፋርሂያ፣ ከዚያ አንተ።"